ያልተሰፈረ ማሽላ

ሸዋ ሮቢት ታስሬ አውቃለሁ ስል ሰው ሁሉ ማረሚያ ቤቱ ይመስለዋል። የለም፣ እኔ የታሰርኩት አውድማ ላይ ነው። ያውም ከነሥዕሌ። ገመድ የለ፣ ዘበኛ የለ፤ እያበሉ፣ ውሃ እያቀረቡ፣ "ልጄ" እያሉ ነው ያሰሩኝ። ከእንዲህ ያለ እስር አምልጦ የሚሄድ ሰው ካለ እሱ ልቡ ደንዳና ነው። ክሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም፦ ነፋስ አቁመሻል የሚል ነው።

ሰናይት እባላለሁ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ሥዕል ነው። ያን ጊዜ የምሥለው በአብዛኛው ለሆቴልና ለካፌ ግድግዳ የሚሆን የገጠር ሥዕል ነበር። ተራራ፣ ጅረት፣ ሁለት ሦስት ሳር ቤት። ከቤቴ አልወጣም። ጋቢዬን ደርቤ፣ ስልኬ ላይ ፎቶ እያገላበጥኩ እሥላለሁ። ደንበኛ አጉረምርሞብኝ አያውቅም። እኔም ነገር የማሳልፍ ሰው ስላልሆንኩ፣ አጉረምራሚ ባይመጣ ለሁላችንም የሚሻል ነበር።

ሸዋ ሮቢት ላይ አዲስ ሆቴል የከፈቱ ሰውዬ ግን የላክሁላቸውን ሥዕል በሄደበት ሚኒባስ መለሱት። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ምን ጎድሎት ነው?"

"ሙቀት" አሉኝ።

"ፀሐይዋን አላዩዋትም እንዴ?"

"ፀሐይዋማ አለች። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ናት እንጂ፤ ጋቢ የደረበች። ስሚኝ እህቴ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ። የኛን ቆላ፣ ይፋትን፣ መሣል ከፈለግሽ ወርደሽ እዪው።"

በማግስቱ ንዴቱ ራሱ በጠዋት ቀሰቀሰኝ። ትልቁን ሸራዬን ጠቅልዬ፣ ቀለሜን በከረጢት ሞልቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ትንሽ ወረድ እንዳልን ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር። ለሰውዬው ደውዬ "እውነትዎን ነው" ልላቸው ቃጣኝ። ከዚያ ቆይ እስቲ፣ ብዙም አይመቻቸው ብዬ ተውኩት። ይልቅ ሥዕሉን ነገ ጨርሼ አስረክባለሁ ብዬ የጽሑፍ መልእክት ላክሁ።

ባጃጁ ከከተማ አውጥቶ በጀውሃ መንገድ አንድ ግራር ሥር አወረደኝ። ፊት ለፊቴ የታጨደ የማሽላ ማሳ አለ፣ ከማሳው መሐል አውድማ፣ ከአውድማው ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው ጀርባ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው ተራራ። አውድማው ላይ የተወቃ ማሽላ ተከምሯል። ቀይ ነው። ቀይ ስላችሁ የምታውቁት ቀይ አይደለም፤ ጡብም አለበት፣ በርበሬም አለበት፣ ጥላ ያረፈበት በኩል ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ነገር አለ። ለዚያ ቀለም እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

ሁለት ወንዶች፣ አንደኛው ሽማግሌ፣ ማሽላውን በላይዳ ወደ ላይ ይበትኑታል። ላይዳ እህል ለነፋስ የሚሰጥበት የእንጨት አካፋ ነው፤ ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወድቃል፣ እብቁን ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። አንዲት እናት ዳር ዳሩን በመጥረጊያ ይሰበስባሉ። ከሩቅ "በርቱ" አልኳቸው፣ እጃቸውን አንስተው መለሱልኝ። እኔም ሸራዬን በግራሩ ሁለት ቅርንጫፎች መሐል በገመድ ወጠርኩ። ሸራው ሰፊ ነው፣ የአልጋ ልብስ ያህላል።

ከዚያ ከቀለሜ ጋር ትግል ገጠምኩ። የምሠራበት ቀለም አክሪሊክ ይባላል፣ በውሃ የሚበጠበጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቀብቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንኳ እርጥብ ሆኖ ይቆየኛል። እዚህ ግን ከሳህኑ አንስቼ ሸራው ላይ ሳላደርሰው ይደርቃል። ሰማያዊውን ስቀባ አረንጓዴው ሳህኑ ላይ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ውሃ እረጫለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ብቻዬን እሳደባለሁ። እንደዚያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። የምሥለውን ነገር ሙቀት በገዛ ማጅራቴ ላይ እየተሰማኝ ሥዬ አላውቅም ነበር። ተራራውን ጨረስኩ፣ ሜዳውን ጨረስኩ፣ ክምሩንም በቀዩ ቀባሁትና መጠኑን ለማስተካከል ቆም አልኩ።

ሠዓሊ የሩቅ ነገር መጠን ሲፈልግ ክንዱን ይዘረጋል፣ ብሩሹን ያቆማል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ አውራ ጣቱን ብሩሹ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይህ ነገር ከዚያኛው ምን ያህል ያንሳል ብሎ ይገምታል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ክምሩን ከጫፍ እስከ ሥሩ፣ ከግራ እስከ ቀኝ ደጋግሜ መጠንኩት።

ያን ጊዜ ነፋሱ ቀጥ አለ። የግራሩ ቅጠል ረጋ፣ ወደ ላይ የተበተነው ማሽላ ከነእብቁ ተመልሶ ወደቀ። ሰዎቹ ላይዳቸውን ተደግፈው ሰማይ ሰማዩን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ሽማግሌው ላይዳቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ። ጋሼ ይመር ይባላሉ፣ ማሳውም ማሽላውም የእሳቸው ነው።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ዋሉ?"

"አልሃምዱሊላህ። በዚያች እንጨት ምን እያረግሽ ነው?"

"ክምሩን እየለካሁት ነዋ" አልኩ ፈገግ ብዬ።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው ይሄኔ ነው። የሽማግሌው ፊት ተለወጠ።

"ያልተሰፈረ እህል?" አሉኝ ቀስ ብለው። "እኛ ዘንድ ምርት አውድማ ላይ ሳለ አይለካም፣ አይገመትም፣ ስንት ይወጣዋል ተብሎ አይጠየቅም። እኔ ባለቤቱ ራሴ ሙሉ ዓይኔን አልጥልበትም። አንቺ ጭራሽ አነጣጥረሽ አየሽው።"

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ተከትለዋቸው መጥተው ኖሯል። "አይተሽ ማሻአላህ እንኳ አላልሽም" አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፣ ያዘኑ ነው የሚመስሉት። እሱ ባሰብኝ።

"እትዬ፣ ነፋስ እኮ በራሱ ጊዜ ነው የሚቆመው። ብሩሽ ነፋስ አያቆምም።"

"ሊሆን ይችላል፣ አላህ ያውቃል" አሉ ጋሼ ይመር። "ግን ቆሟል።"

ይቅርታ ጠይቄ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ጋሼ ይመር ግን ሥዕሉ ፊት ሄደው ቆሙና የሣልኩትን ክምር በጣታቸው አሳዩኝ።

"ይሄ የኛ አይደለም?"

"የናንተው ነው።"

"እንግዲያው አይወጣም። ያልተሰፈረ እህል ከአውድማ አይወጣም። ለልጅ ቢሆን፣ ለለማኝም ቢሆን ተሰፍሮ ነው የሚሰጠው። አንቺ ሙሉውን ጠቅልለሽ ልትሄጂ ነው።"

እኔ ለክርክር ታንሳለች የምባል ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ተረታሁ። ሰውዬው በራሳቸው ሕግ ልክ ናቸው፤ ሥዕሉ ላይ ያለው የእሳቸው እህል ነው፣ እኔ ራሴ አምኛለሁ።

"እሺ፣ ልደምስሰው" አልኩ። "በላዩ ሣር ብቀባበት ይጠፋል።"

እትዬ ዘይነብ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ልታጠፊው? ምርታችንን በዓይናችን እያየን?"

ልውሰደው ብል አይወጣም፣ ላጥፋው ብል የባሰ ነው። የቀረው አንድ መንገድ ነው፦ ነፋሱ እስኪመለስ፣ እህሉ ነፍሶ እስኪሰፈር እኔም ሥዕሌም እዚያው መዋል። የጋሼ ይመር የወንድም ልጅ ሁሴን፣ ያ ሁለተኛው ላይዳ የያዘ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው በሣቅ ይንቀጠቀጣል። ዞር ብሎ "አይዞሽ፣ ምሳ አለ" አለኝ። "እስር ቤታችን አይከፋም።"

እውነትም አልከፋም። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። በልተን ስንጨርስ ንዴቴ ወጥቶ በቦታው ጉጉት ገባ፤ እኔ ደግሞ መጠየቅ ከጀመርኩ የሚያቆመኝ የለም።

"ይሄ ነፋስ ለመሆኑ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት ሁሴንን።

"ጠዋት ከተራራው ይወርዳል፣ ከቀትር በኋላ ከአፋር ሜዳ በኩል ይመጣል።"

"በመሐሉስ?"

"በመሐሉ ያርፋል።"

"ታዲያ እያረፈ ነዋ። እኔ ምን አረግሁ?"

"ዛሬ ዕረፍቱ በዛ" አሉ ጋሼ ይመር፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ።

ሁሴን ከንፈሩን አሹሎ ቀጭን ፉጨት ጀመረ። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው ነፋሱን እየጠራ ነው። ይሰማሃል ወይ ስለው "ሥራ የፈታ እንደሆነ" አለኝ። እኔም አብሬው ለማፏጨት ሞከርኩ። አየር ብቻ ወጣ። እትዬ ዘይነብ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ፣ ሳቃቸው የልጅ ሣቅ ነው።

ቀና ስል ከጣርማ በር አናት ላይ ደመና አየሁ። የክረምት ደመና ዓይነት፣ ሆዱ የጠቆረ።

"በታኅሣሥ ይዘንባል እንዴ?" አልኩ ሳላስብ።

ፉጨቱ ቆመ። ቆይተው እትዬ ዘይነብ መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። አምናም እዚሁ አውድማ ላይ፣ እንዲሁ ተወቅቶ ሳይነፍስ ዘንቦበታል። ከነእብቁ ስለነበር እርጥበቱን ይዞ አስቀረው፣ ውስጥ ውስጡን ሞቀ፣ በቀለ፣ ጠቆረ። ለከብት ሰጡት፣ ከብቱም እንቢ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሸምተው በሉ። ለሸመታው አንዱን በሬ ሸጡ።

"ዘንድሮ ከደገመን ሁለተኛው ይሄዳል" አሉኝ። "ከበሬው በኋላማ መሬቱን ምርት እኩል ለሚካፈል አራሽ መስጠት ነው። ይመር በገዛ መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ሲያርስ ቆሞ ሊያይ ነው።"

ከዚያ በኋላ ቀልዱ ቀረ። ደመናው ይወርዳል፣ ነፋስ የለም። እብቁ ያልወጣለት ማሽላ ያ ሁሉ ቀይ ውበቱን ይዞ ተቀምጧል። የእኔ እጅ ደግሞ ሲጨንቀው ሥራ ይፈልጋል፤ ተነስቼ ደመናውን መሣል ጀመርኩ። ግራጫውን ወፍራም አድርጌ ከተራራው በላይ ጫንኩት። ጋሼ ይመር አጠገቤ መጥተው ቆሙ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሥዕሉን ክምር ነካ አደረጉት። ደርቋል።

"ይሄ ቀለም ውሃ ነው?"

"በውሃ ነው የሚበጠበጠው። አንዴ ከደረቀ ግን ውሃ አያስለቅቀውም።"

"ዝናብ ቢመታውም?"

"ቢመታውም።"

"ያንቺውን ክምር ዝናብ አይነካውም ማለት ነዋ" አሉና ወደ አውድማቸው ተመለሱ።

ክፉ ሊናገሩኝ አስበው አይደለም፣ የገረማቸውን ነው የተናገሩት። ያቺ ንግግር ግን ልቤን ወጋችው። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ የማስበው ሥዕሌን እንዴት ይዤ እንደምወጣ ነበር።

ነፋሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከአፋር በኩል አይደለም፤ ከተራራው፣ ዝናቡን ከኋላው አስከትሎ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ። ጋሼ ይመር "ቢስሚላህ" ብለው ላይዳቸውን አነሱ። ሁሴን በሌላ በኩል ገባ። እኔ ብሩሼን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ እትዬ ዘይነብ ሌላ መጥረጊያ ወረወሩልኝና አብሬያቸው መጥረግ ጀመርኩ። እብቁ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አንገቴን በላኝ፣ ጉሮሮዬን ዘጋኝ። ከሜዳው ማዶ ዝናቡ ነጭ ሆኖ ሲመጣ ይታየናል። መጀመሪያ የሩቁን መንደር ሸፈነው፣ ቀጥሎ የቅርቡን ዛፍ። እነሱ ይበትናሉ፣ እኛ እንጠርጋለን፣ ንጹሑ ፍሬ መሐል ላይ ይከመራል።

የመጨረሻው ላይዳ ወደ ላይ ሲበተን የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ሁሴን የእህል መሸፈኛ ላስቲክ ጎትቶ አመጣና በክምሩ ላይ ዘረጋነው። አጠረ። በአንድ በኩል ሲሸፍን በሌላው ገልጦ ይቀራል። ሁሴን ሸሚዙን አወለቀ፣ እትዬ ዘይነብ ነጠላቸውን ጣሉበት። ነጠላ ዝናብ አይከላከልም፣ እሳቸውም ያውቁታል።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ አመነታሁ። ግራሩ ላይ የተወጠረውን ሸራ አየሁት። የሠራኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ተሰብስበው እሱን አያክሉም ነበር፣ በዚያች ቅጽበት ይሄን አውቄዋለሁ። ከዚያ ሮጥኩ። ገመዱን በጥርሴ ነው የፈታሁት።

"ቀለሙ ወደ ላይ ይሁን" እያልኩ ሸራውን ከእትዬ ዘይነብ ጋር ዘረጋሁት። የተገለጠው በኩል ተሸፈነ። ዳሩን ድንጋይ ጫንበት፣ ድንጋዩ ያልበቃበት ላይ እኛው ተቀመጥን። ዝናቡ ወረደ። አራታችን በአንድ ክምር ዙሪያ ተቀምጠን፣ ውሃ ከፀጉራችን እየወረደ፣ ዓይናችንን ሸራው ላይ ተከልን።

ሁሉም ቀለም ደርቆ ነበር፣ ደመናው ሲቀር። እሱ ወፍራም ነበር፣ አየሩም ቀዝቅዞ ስለነበር አልጠነከረም። ግራጫው መሟሟት ጀመረ። በተራራው ላይ ወረደ፣ ሜዳውን አቋረጠ፣ ከሸራው ጠርዝ ተንጠባጥቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። ተራራው አልተነካም፣ ቀዩም ክምር አልተነካም። ጋሼ ይመር ጢማቸው እየተንጠባጠበ ድንገት ሣቁ።

"ዝናቡ የገዛ ደመናውን አጠበው" አሉ።

ሲያባራ ፀሐይዋ ተመለሰች። ሸራውን ለማንሳት የደፈረ ጠፋ። በመጨረሻ እትዬ ዘይነብ አንዱን ጫፍ ገለጥ አድርገው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ማሽላው ውስጥ ከተቱት። እጃቸውን እንደከተቱ ቆዩ።

"ደረቅ ነው" አሉ። "ይመር፣ ደረቅ ነው።" ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።

ከሥር በኩል ጥቂት የረጠበ ነበር፣ እሱን ለብቻው ብናሰጣው ይደርቃል አሉ። የቀረውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩት። የመጀመሪያውን ሲሰፍሩ "አንድ" አይሉም፣ "በረካ" ነው የሚሉት። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጀርባዬን አዙሬ ቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ሸራዬን ጠቅልዬ ስነሳ ጋሼ ይመር እስከ አስፋልቱ ልሸኝሽ አሉ። በመንገድ ላይ ጥያቄዬን መያዝ አቃተኝ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ነፋሱን ያቆመው የኔ ዓይን ነው ብለው አምነዋል?"

"ግማሹን" አሉኝ።

"ሌላውስ ግማሽ?"

ትንሽ ተራመዱ። "ነፋሱ በዚያ ሰዓት ሁሌም ያርፋል። ደመናዋንም ካንቺ በፊት አይቻታለሁ። ጠዋት ጥፍር ታህል ነበረች፣ ለዘይነብ አልነገርኳትም።"

"ታዲያ ለምን አስቀሩኝ?"

"አምና ሲበሰብስ ብቻችንን ነበርን" አሉ። "ሰው ሁሉ 'ይመር ቸል ብሎ አበሰበሰው' አለ። ነፋስ ጠፍቶ ነው፣ ዝናቡ ቀድሞን ነው ብንል ማን ይመነን። እያደር እኔም በራሴ መጠርጠር ጀመርኩ፤ ሰነፍ ሳልሆን አልቀርም እላለሁ። ሁሴን አለ ትይኝ እንደሆነ የወንድሜ ልጅ ነው፣ የዘመድ ምስክርነት አይያዝም። ዛሬ አንቺ ከረፋድ ጀምሮ ዓይንሽን ከኛ ላይ አላነሳሽም። ቢዘንብብንም እንኳ እንዳልተኛን ያየ ባዳ ይኑር ብዬ ነው።"

አለቀስኩ። አላፍርበትም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ እብቅና ጭቃ እንደሆንኩ አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ ሚኒባስ እስኪመጣ መንገድ መንገዱን እያዩ አላዩኝም።

ባለ ሆቴሉ በማግስቱ ሥዕሉን ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት። "ሙቀቱስ መጥቷል" አሉ። "ሰማዩ የታለ?" ወርዷል አልኳቸው። እንድጨርሰው ለመኑኝ፣ እኔም እንቢ አልኩ። ሌላ ሥዕል ሠርቼላቸው ወስደዋል። ያኛው ሰማይ የሌለው፣ ጠርዙ ጭቃ የነካው፣ ዛሬም ቤቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከፎቶ ሥዬ አላውቅም። የበለጠ የተለወጠው ግን ሌላ ነው። ድሮ ማየት ማንንም የማይጎዳ፣ ፈቃድም የማይጠይቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል ሰምቼ ባልፍም ገብቶኝ አያውቅም። አሁን የሰው ማሳ ዳር ስደርስ ሸራዬን ሳልወጥር ባለቤቱን ፈልጌ "ልይልዎት?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ እንቢ ይለኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይስቅብኛል።

እናንተም አንድ ቀን ማሳችሁ ዳር ብሩሽ የያዘች ሴት ቆማ ብታዩ እኔ ልሆን እችላለሁ። ዓይኔ ከከበዳችሁ ሂጂ በሉኝ፣ ሳልቀየም እሄዳለሁ። ስትለፉ ያያችሁ ሰው ከሌለ ግን ቆዪ በሉኝ።